የአባቴ ኦሜጋ ቀን የሚቀይረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው

እሁድ ጠዋት ነው፣ ስልኬ 9:18 ይላል፣ ክንዴ ላይ ያለው የአባቴ ኦሜጋ ደግሞ 3 ከ19። አንዷ ደቂቃ ትርፍ ናት፣ በቀን ወደ 20 ሰከንድ ይቀድማል፣ ሐሙስ ጠዋት አስተካክዬው ዛሬ አንድ ደቂቃ ሞላ ማለት ነው። ትንሿ የቀን መስኮት 14 ትላለች፣ ኅዳር 14። ስልኬ ግን ኖቬምበር 23 ነው ብሎ ድርቅ ብሏል። ሰው ክንዴን እያየ "ይሄን የመሰለ ሰዓት በየቀኑ ታስረዋለህ እንዴ?" ሲለኝ ሁሌ አጭር መልስ ነው የምሰጠው፣ ዛሬ ግን ረጅሙን ልጻፈው፣ ታገሱኝ።

ሰዓቱ ኦሜጋ ሲማስተር ነው፣ ብረት፣ አውቶማቲክ፣ ፊቱ ድሮ ነጭ የነበረ አሁን ወደ ቅቤ ቀለም የሄደ። ውስጡ ያለው ሞተር 562 የሚባለው ነው፣ ባለ 24 ሩቢ፣ ጥርሶቹ የሚዞሩባቸው ትንንሽ ድንጋዮች ማለት ነው። የሞተሩ ቁጥር በ24 ሚሊዮን ይጀምራል፣ በፈረንጅ 1966 ገደማ የተሠራ ነው ማለት ነው። አባዬ የጤና መኮንን ነበር፣ እዚሁ ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተማረ፣ ያ በፈረንጅ 1954 የተከፈተውና የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው። ተመርቆ ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ተመደበ፣ በ1960 ዓ.ም. ለሥራ አዲስ አበባ ሄዶ ፒያሳ ላይ የሦስት ወር ደሞዙን ሰጥቶ ይሄን ሰዓት ገዛ። አያቴ በሬ ነበር የጠበቀችው አሉ። "በዚህ ብር በሬ አይገዛም?" ብላ ስትጮህ "እማማ፣ ይሄ እኮ አበበን የለካው ሰዓት ነው" አላት፣ እሷም አበበ ሲባል ዝም አለች። ይሄን ታሪክ ቤታችን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት።

እውነቱንም ነው። በፈረንጅ 1960 ሮም ኦሎምፒክ ላይ ሰዓት ያዡ ኦሜጋ ነበር፣ የአበበ ቢቂላ 2:15:16 በኦሜጋ ነው የተለካው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ሰዓት ያዡ ሴይኮ ነበር፣ 2:12:11። አባዬ ይሄንንም ያውቃል፣ ሴይኮ ያሰረ ጓደኛው ሊከራከረው ሲነሳ ግን "በባዶ እግሩ የሮጠው ሮም ነው" ይለዋል፣ ክርክሩም በቃ እዚያ ላይ ያልቃል።

አባዬ ሰዓቱን የሚያስረው ፊቱን ወደ ውስጥ፣ ወደ መዳፉ በኩል አዙሮ ነበር። ልጅ ሆኜ እንዲሁ አመሉ ይመስለኝ ነበር፣ ኋላ ነው የገባኝ፣ የበሽተኛ ክንድ በሦስት ጣቱ ይዞ የልብ ትርታ ሲቆጥር እጁን ሳያዞር የሰከንዷን ቆጣሪ እንዲያያት ነው። ጎረቤት ሲታመም በሌሊትም ቢሆን እኛ ቤት ነው የሚመጣው፣ መብራት ጠፍቶ ከሆነ እኔ ፋኖስ እይዛለሁ፣ አባዬ ክንዱን ይይዝና ዝም ይላል፣ ቤቱም ዝም ይላል፣ እኔ ከትከሻው በላይ ሰከንዷ ከ12 ተነስታ 6 ላይ እስክትደርስ አያለሁ፣ ከዚያ በሁለት ያባዛና ቁጥሩን ለራሱ ይናገራል። ያቺ ግማሽ ደቂቃ በጣም ትረዝም ነበር። ሒሳብ አስተማሪ የሆንኩት ከዚያ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

አባዬ 2008 ላይ አረፈ። እማዬ ሰዓቱን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ ከጋብቻ ወረቀታቸው ጋር አስቀመጠችው፣ ሰባት ዓመት እዚያ ተኛ። እንዳስረው ስጠይቃት "ቅርስ ነው ልጄ፣ ቅርስ ይቀመጣል" ትለኛለች፣ ፍርሃቷ ይገባኛል፣ መንገድ ላይ ቢቀሙኝስ፣ ቢሰበርስ። ውጭ ያለው ወንድሜ ደግሞ ይሸጥ ባይ ነው፣ ለእማዬ መታከሚያ ይሆናል ብሎ፣ ክፋት አልነበረውም። እንደ ምሳሌ የሚያነሳው የጃንሆይን ሰዓት ነበር፣ በፈረንጅ 1954 ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ የተሰጣቸውን ፓቴክ ፊሊፕ፣ በፈረንጅ 2017 ላይ ጄኔቫ ክሪስቲስ ጨረታ ላይ ወደ 2.9 ሚሊዮን ፍራንክ የተሸጠውን። የእኛው እንዲህ እንደማያወጣ ሁላችንም እናውቃለን፣ ኦሜጋ ያን ጊዜ በብዛት ነው የተሠራው። እኔ ግን ያንን የጃንሆይን ሰዓት ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ሌላ ነገር ነው፣ አሁን ማን ያስረዋል? ማን ክንድ ላይ ነው የሚሞቀው?

2015 ታኅሣሥ ላይ እማዬን ለመንኳትና ሰጠችኝ። ስወዘውዘው ትንሽ ይሄድና ይቆማል። እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ደረጃ ስር ጠባብ ሱቅ ያላቸው አንድ ሰዓት ሰሪ አሉ፣ አባባ ነው የምላቸው፣ ሰባ አምስት ይሆናቸዋል፣ አጉሊ መነጽራቸውን ቀኝ ዓይናቸው ላይ ሰክተው ነው ሰው የሚያናግሩት። ክዳኑን ገልብጠው አዩት። ክዳኑ ላይ የባሕር ፈረስ ተቀርጿል፣ የሲማስተር ምልክት ነች፣ ሃምሳ ዓመት የአባዬ ክንድ ላይ ተሽታ ጭራዋና አንገቷ ብቻ ቀርተዋል፣ መሃሏ ጠፍቷል፣ ጣቴን ሳሳርፍባት እንደ ጠጠር ልስልስ ትላለች። ከፈቱት። ውስጡ ሙሉ በሙሉ መዳብ ቀለም ነው፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ከባድ ብረት አለችበት፣ እጅህ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እየዞረች ሞላውን የምትሞላው እሷ ናት። አባባ በስስ መርፌ አንዷን ሩቢ ነካ አድርገው መርፌውን አሳዩኝ፣ ጫፉ ላይ እንደ ሙጫ የረጋ ቡናማ ነገር።

"ዘይቱ ነው፣ ደርቋል። ማን አቆመው?"

"ባለቤቱ አርፎ ነው አባባ።"

"ልጅ አልነበረውም?"

ሊነኩኝ ብለው አልነበረም፣ ዓይናቸውን እንኳን ከሰዓቱ አላነሱም። እኔ ግን እዚያች ደጃፍ ላይ ቆሜ ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።

ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። እያንዳንዷን ጥርስ አውጥተው በቤንዚን አጥበው እንደገና ዘይት ሰጥተው ገጠሙት። ስመጣ መነጽራቸውን አቀበሉኝና "መስታወቱን መሃሉ ላይ እየው" አሉኝ። መስታወት እንኳን አይደለም፣ አክሪሊክ ነው፣ ቢጫር በጥርስ ሳሙና የሚለቅ። ወደ ብርሃን አጋድሜ ሳየው ልክ መሃሉ ላይ፣ ቆጣሪዎቹ ከሚገናኙበት በላይ፣ ከትቢያ የምታንስ የኦሜጋ ምልክት ተቀርጻለች። አባዬ ይሄን ያውቅ ነበር? ነግሮኝ አያውቅም። ሃምሳ ዓመት ዓይኑ ስር ነበረች።

ሰዓቱን በስልኬ ሞላሁት፣ በፈረንጅ ሰዓት፣ ቀኑንም በፈረንጅ። እንደዚያ ነው ሁሉ ነገር የሚሄደው ብዬ፣ ትምህርት ቤት ያለው ኮምፒውተር፣ ባንኩ፣ ምኑ። የአስተርዮ ማርያም ለት እማዬ ቡና አቅርባ ክንዴን ሳብ አደረገችና አየችው።

"ይሄ ስንት ነው የሚለው?"

"10 ሰዓት።"

"ፀሐይዋ ገና እዚያ ሆና 10 ሰዓት? ይሄስ፣ 29? ዛሬ ማርያም ናት፣ 21። 29 ባለወልድ ነው፣ ገና ስምንት ቀን ይቀረዋል። የአባትህ ሰዓት እንዲህ አይልም ነበር።"

ከዚያ ነው የነገረችኝ፣ ወይም ያስታወሰችኝ ብል ይሻላል፣ ምክንያቱም ሳላውቀው አውቀው ነበር። አባዬ ሰዓቱን በእኛ ሰዓት ብቻ አልነበረም የሚሞላው፣ ቀኑንም በእኛ ነው። አስቡት፣ ስዊዞቹ ያንን የቀን ጎማ ሲሠሩ 31 ቁጥር ነው የጻፉበት፣ የእኛ ወር ደግሞ 30። ስለዚህ በየወሩ በ30 ማታ በእጅ ወደ 31 መግፋት አለብህ፣ ከዚያ በራሱ ወደ 1 ያልፋል። ጳጉሜ ላይ ደግሞ ከ5 ተነስቶ 31 መድረስ አለበት፣ 26 ቀን በእጅ። አሁን ያሉት ሰዓቶች ላይ ጎኑ ላይ ያለችውን መሙያ ሳብ አድርገህ ቀኑን ብቻ ማዞር ነው፣ 562 ላይ ያ የለም፣ ቆጣሪዎቹን ጥቂት ሰዓት ወደኋላ መልሰህ እንደገና 12ን ታሳልፋለህ፣ አንድ ቀን፣ መልሰህ ታሳልፋለህ፣ ሁለት ቀን። ጣት ይደክማል።

ሌላም ነገር አለው። ቆጣሪው 12ን በቀን ሁለቴ ነው የሚያልፈው፣ ቀኑ የሚቀየረው ግን በአንደኛው ብቻ ነው። ፈረንጅ ጋ እኩለ ሌሊት ላይ ይውላል፣ በእኛ ሰዓት ከሞላኸው ግን ወይ ጠዋት 12 ወይ ማታ 12። የቱን እንደምትፈልግ አንተ ትመርጣለህ። አባዬ ጠዋትን መረጠ፣ "ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው" ይል ነበር አለች እማዬ። እኔ መጀመሪያ ሳስተካክለው ይሄ አልገባኝም ነበር፣ የጥር 30 ማታ 31 ላይ አድርጌ ተኛሁ፣ ጠዋት አሁንም 31፣ ቀኑን ሙሉ 31፣ ከዚያ ማታ 12 ላይ 1 አለ። ምን እንደጎደለው ለማወቅ ወረቀት ላይ መሳል ነበረብኝ፣ 31 ላይ ካደረስከው በኋላ አንድ ሙሉ የ12 ሰዓት ዙር ማሳለፍ አለብህ። አባዬ ይሄን በየወሩ አርባ ምናምን ዓመት ሲያደርገው ማንም አስተምሮት አይደለም፣ ቆላ ድባ ቁጭ ብሎ ራሱ ነው የደረሰበት። የስዊዝ ሰዓት ገዝቶ የሀገሩን ቀን እንዲቆጥር አደረገው። እኔ ከዲግሪው ሁሉ የምኮራበት በዚህ ነው።

አሁን ጠዋት ስነሳ ሁሌ 12 ሊሆን ሲል ነው፣ መስኮት ጋ እወስደዋለሁ። ቁጥሯ ከመስኮቷ ጠርዝ መገፋት ጀምራለች፣ ግማሿ ትናንት ግማሿ ዛሬ ትሆናለች፣ ከዚያ አንዴ ትዘላለች። ውጭ ወፍ ይጮሃል፣ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ በኩል ሰማዩ ይቀላል። ይሄን ለማየት ሰዓቱ የግድ መሄድ አለበት፣ እንዲሄድ ደግሞ መታሰር አለበት፣ ሙሉ ሞላው ወደ 50 ሰዓት ነው የሚያስኬደው፣ አርብ ማታ ፈትተህ ካስቀመጥከው ሰኞ ጠዋት ቆሟል፣ ቀኑንም አጥቷል። ለዚህ ነው እንግዲህ በየቀኑ የማስረው።

ክፍል ውስጥም ነው፣ ጠመኔ አቧራ ውስጥ። መጀመሪያ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ነበር የማስረው፣ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ሁለቴ ተጋጨብኝና እንደ አባዬ ወደ ውስጥ አዞርኩት፣ ከዚያ ወዲህ አልተጫረም። ተማሪዎቼ ስማርት ሰዓት ያሰሩ አሉ፣ የልብ ምት የሚቆጥር፣ እርምጃ የሚቆጥር። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ አሠራኋቸው፣ ይሄ ሰዓት በሰዓት 19,800 ጊዜ ይመታል፣ በሰከንድ አምስት ተኩል፣ በቀን 475,200። የእናንተ ልብ በደቂቃ 70 ቢመታ በቀን 100,800 ነው። አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ "ሳይሞላ ነው ሃምሳ ዓመት?" አለችኝ። አይ፣ ሰው እያሰረው ነው አልኳት። መጥታ ጆሮዋን ክንዴ ላይ አስጠጋችና አዳመጠች፣ ከኋላዋ ሰልፍ ሆነ፣ ፔሬዱ በዚያው አለቀ።

ሁሉም ደግ ደጉ አይደለም፣ ጥፋቴን ልናገር። 2016 ጥምቀት ለት ፋሲል መዋኛ አስሬው ወረድኩ። አባባ አስጠንቅቀውኝ ነበር፣ ክዳኑ ስር ያለችው ቀጭን ጎማ ደርቃ ነበር፣ ልኳ አልተገኘም፣ ውኃ አታስነካው ብለውኛል። ግን አባዬ ጥምቀት ለት ፈትቶት አያውቅም፣ እና እኔም አልፈታሁትም። ከቀሃ ወንዝ ተስቦ የሞላው ውኃ ተባርኮ መረጨት ሲጀምር ሕዝቡ እጁን ወደ ላይ ነው የሚያነሳው፣ እኔም አነሳሁ፣ በእጅጌዬ እስከ ክንዴ ወረደ። ወደ ፒያሳ ስወጣ መስታወቱ ስር ጉም አየሁ፣ 4 ቁጥር አካባቢ፣ እንደ ትንፋሽ። ሁሉ ነገር ዝግ ነው፣ በማግሥቱም ቃና ዘገሊላ፣ ጥር 13 ነው አባባን ያገኘኋቸው። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ መሙያዋን ስቤ ሙቀት ያለበት አጠገብ አስቀምጬ በየሰዓቱ እየተነሳሁ አየው ነበር። ሲከፍቱት አንዷ ብሎን ዝገት ጀምራለች፣ ፊቱ ላይ ደግሞ 4 አጠገብ የምስር ፍሬ የምታህል ቡናማ ነጥብ። ብሎኗን ካረጁ ሰዓቶች ሳጥናቸው ውስጥ ፈልገው ቀየሩልኝ። ነጥቧ አለች።

ፊቱን አስቀብተው አዲስ ይመስላል የሚሉኝ አሉ። አላስቀባም። የተቀባ ፊት ዋጋ ይቀንሳል ይላሉ ሰብሳቢዎች፣ ለነገሩ እኔ አልሸጠውም፣ ግን ያ የቅቤ ቀለም ከአባዬ ጋር አብሮ ያረጀ ነው፣ ነጥቧም የእኔ ጥምቀት ናት። እማዬ "ጠበል ነው የነካው፣ ምን ይሆናል" አለች፣ እኔ ግን ጎማዋን ከአዲስ አበባ እስካስመጣ ድረስ ዝናብ ባየሁ ቁጥር እየፈታሁ ኪሴ ነበር የማደርገው።

በዚያው በአዲስ አበባ ሰበብ አንድ ነገር ደርሶብኛል፣ አሁንም ያንገበግበኛል። አምና ማሰሪያ ላስቀይር አንድ ሱቅ ሰጠሁት፣ ስሙን አልጠራም፣ ከሰዓት ና አሉኝ፣ ሄጄ ተቀበልኩ። ማታ ነው ያየሁት፣ መሙያዋ ተቀይራለች። የድሮዋ ጫፏ ላይ የኦሜጋ ምልክት ነበራት፣ ጥርሷ ተበልቶ ትንሽ የሚያዳልጥ፣ የአባዬ አውራ ጣት ነው የበላት። አሁን ያለችው ለስላሳ፣ ምንም የሌላት፣ ማንም ሰዓት ላይ የምትገጠም። ተመልሼ ሄጄ ነበር፣ እንዲሁ ነው የመጣው አሉኝ። የወርቅ ቀለበት ቢወስዱብኝ ይቀለኝ ነበር። ሰዓታችሁን ስትሰጡ ከመስጠታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ከጎንም፣ ክዳኑንም፣ ስለ እኔ ብላችሁ። ስልክ ካነሳሁ አይቀር ደግሞ ማታ ሰዓቱንና ስልካችሁን፣ በተለይ ስፒከርን፣ አንድ ላይ አታስቀምጡ፣ ማግኔት ይነካውና በቀን ደቂቃዎች መቅደም ይጀምራል።

ጳጉሜን ልንገራችሁና ላብቃ። የመጀመሪያው ዓመቴ 2015 ጳጉሜ 6 የነበረችበት ነው፣ 25 ጊዜ ነው ያዞርኩት፣ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ። አምና ግን፣ ማለትም የ2017 ጳጉሜ 5 ማታ፣ እማዬ "እዚህ ና፣ አባትህ እዚህ ነበር የሚቀመጠው" አለችኝ፣ ረከቦቱ አጠገብ። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ከመጀመሬ በፊት ትዝ ያለኝ ምን መሰላችሁ፣ በፈረንጅ መስከረም 10 ቀን 1960፣ አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠበት ማታ፣ በእኛ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነው። የዚያኑ ማታ። ለእማዬ ነገርኳት፣ "አባትህ ያውቀው ነበር ታዲያ፣ ሁሌ ከማዞሩ በፊት ስሙን ይጠራ ነበር" አለች።

መሙያዋን ሳብኩ። ወደኋላ፣ ወደፊት፣ ጠቅ። "6" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ለራሴ ስቆጥር።

"ቁስቋም" አለች እማዬ፣ ቡናውን እየቆላች።

"7"

"ሥላሴ።"

ያኔ ገባኝ፣ አባዬ ሲያዞር እሷ ነበረች የምትከተለው። 12 ስል ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ላይ ከመቀመጫዋ ከፍ ብላ አማተበች፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 28 አማኑኤል፣ 29 ባለወልድ። ጣቴ ታሟል፣ ቡናው ወርዷል፣ ውጭ ልጆች ችቦ ይዘው እየጮሁ ነው።

"31።"

31 ላይ የሚውል ታቦት የለም። እማዬ ምንም አላለችም፣ ሲኒውን አቀበለችኝና አንዱን የ12 ሰዓት ዙር እንዳልረሳው ጣቴን እያየች ጠበቀች።